ነጻ ወይስ በክፍያ? በይነ መረብ በሚቆራረጥባቸው ከተሞች የጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌር አመራረጥ፦ ሐርቡን መነሻ በማድረግ

አጠቃሎ

በአነስተኛ ከተሞች የሚገኙ ተማሪዎች፣ ጽሕፈት ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች ስለ ኮምፒውተራቸው ደህንነት ሲያስቡ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ነጻው ይበቃል ወይስ መክፈል ያስፈልጋል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ወደ ተሳሳተ ውሳኔ እንደሚያመራ ያስረዳል። የሐርቡ፣ የኮምቦልቻና የደሴ ተጠቃሚ ካለበት ሁኔታ፣ ማለትም ከበይነ መረብ መቆራረጥ፣ ፋይል በፍላሽ ከማዘዋወር ልማድና ከውጭ ምንዛሪ ዋጋ አንጻር ሲታይ፣ ምርጫውን የሚወስኑት ጉዳዮች አራት ናቸው፤ የስርዓተ ክወናው ዕድሜ፣ ኮምፒውተሩ ከበይነ መረብ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ የመረጃው ባለቤትነትና የመጠባበቂያ ቅጂ መኖር። ዋጋ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ጽሑፉ በሦስት ዓይነት ተጠቃሚዎች ላይ ንጽጽር አድርጎ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማውን አማራጭ ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጸረ-ቫይረስ፣ ነጻ ሶፍትዌር፣ የአጠቃቀም ፈቃድ፣ የፍላሽ ቫይረስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሐርቡ

1. መግቢያ

ሐርቡ በደቡብ ወሎ ዞን፣ በቃሉ ወረዳ ክልል፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ ኮምቦልቻ መሆኑ በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለሰውን የተማሪ ቁጥር ከፍ አድርጎታል። ከተማሪው ጋር የሚመላለስ ሌላም ነገር አለ፤ ፋይል። የቤት ሥራ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የፈተና ወረቀትና የማመልከቻ ደብዳቤ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚሻገሩት በአብዛኛው በፍላሽ ነው። ስለዚህ በደሴ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያደረ ቫይረስ በማግስቱ ሐርቡ ቢገኝ አያስደንቅም።

የችግሩ ክብደት በኮምፒውተሩ ዋጋ ብቻ የሚለካ አይደለም። በትልልቅ ድርጅቶች አንድ መዝገብ በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። በአነስተኛ ከተማ ግን የአንድ ማኅበር የአባላት ሒሳብ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት የውጤት መዝገብ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ያ መዝገብ ሲጠፋ በገንዘብ የሚተካ አይሆንም፤ የሰዎች ቁጠባ፣ የተማሪዎች ውጤትና የዓመታት ድካም አብሮት ይሄዳል። የጸረ-ቫይረስ ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን የንግድ ምርት ከሌላው አስበልጦ ማቅረብ አይደለም። ዓላማው ተጠቃሚው በራሱ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን የሚችልበትን መመዘኛ ማሳየት ነው። ንጽጽሩ የተሠራው በይፋ በሚታወቁ የሶፍትዌር ባሕርያት፣ በገለልተኛ የሙከራ ተቋማት አሠራር፣ በአገሪቱ ሕጎችና በአካባቢው የመሠረተ ልማት ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው።

2. «ነጻ» የሚለው ቃል አራት ገጽታዎች

በተለምዶ «ነጻ ጸረ-ቫይረስ» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር በውስጡ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። እነዚህን ሳይለዩ ማወዳደር ትርጉም ያለው ውጤት አይሰጥም።

የመጀመሪያው ከስርዓተ ክወናው ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ የተባለውን ነጻ ጸረ-ቫይረስ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ደግሞ ዲፌንደር ሙሉ ጸረ-ቫይረስ ሆኖ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ተካተተ። ዋጋው በዊንዶውስ ፈቃድ ውስጥ ስለሚካተት ተጠቃሚው ለብቻው አይከፍልበትም፤ በግልም ሆነ በሥራ ቦታ ኮምፒውተር ላይ መሥራቱም ከሌሎቹ ይለየዋል።

ሁለተኛው የንግድ ኩባንያዎች ለገበያ ማስፋፊያ የሚሰጡት ነጻ ቅጂ ነው። አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራና ቢትዲፌንደር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተጠቃሚ የማያስተውለው ነጥብ አለ፤ አቫስት ኤቪጂን እ.ኤ.አ. በ2016 ገዝቷል፣ አቪራም በኋላ በኖርተን ባለቤት ተገዝቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አቫስትና ኖርተን ተዋሕደው ዛሬ ሁሉም ጄን ዲጂታል በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር ይገኛሉ። ስማቸው አራት ቢሆንም ባለቤታቸው አንድ ነው። ከዚህም በላይ የነጻ ቅጂዎቹ ፈቃድ በአብዛኛው ለግል፣ ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ብቻ የተሰጠ ነው።

ሦስተኛው የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ነው። ክላምኤቪ የዚህ ወገን ዋነኛ ነው። ማንም ሰው በማንኛውም ቦታ ሊጠቀምበት ይችላል። በባሕርይው ግን በኢሜይል ሰርቨርና በፋይል ማከማቻ ላይ የሚገኙ ፋይሎችን ለመፈተሽ የተሠራ እንጂ በዴስክቶፕ ላይ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየተከታተለ የሚያግድ ሙሉ ጥበቃ ተደርጎ አይወሰድም።

አራተኛው በእውነቱ ነጻ ያልሆነው ነው፤ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ፈቃዱ ተሰብሮ፣ በተለምዶ «ክራክ» ተደርጎ የሚሰራጨው። ተጠቃሚው ገንዘብ ባያወጣም ሌላ ነገር ይከፍላል። ክራኩን ለማስኬድ በቅድሚያ ጸረ-ቫይረሱን እንዲያጠፋ ወይም ማስጠንቀቂያውን ችላ እንዲል ይጠየቃል። ጠባቂ ለመቅጠር በሩን ከፍቶ ለማያውቁት ሰው ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። የክራክ ፋይሎች ጎጂ ሶፍትዌር ከሚሰራጭባቸው የታወቁ መንገዶች አንዱ ከመሆናቸው በላይ፣ የተሰበረው ፈቃድ በአምራቹ ሲታወቅ የቫይረስ መለያ ዝርዝሩን ማደስ ይቆማል። ውጤቱ በማያ ገጹ ጥግ ላይ ምልክቱ የሚታይ፣ በሥራ ላይ ግን የሌለ ጥበቃ ነው።

3. ክፍያ ምን ያስገኛል? ምንስ አያስገኝም?

የሚከፈልበት ሶፍትዌር ቫይረስን የመለየት ችሎታው ከነጻው እጅግ የላቀ ነው የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ይህ እምነት በአንድ ወቅት መሠረት ነበረው። ዛሬ ግን አንድ አምራች ነጻና የሚከፈልበት ቅጂ ሲኖረው በሁለቱም ውስጥ የሚሠራው የመለያ ሞተር በአብዛኛው አንድ ነው። በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት ምርቶችን በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ምቾት ለያይቶ ለእያንዳንዳቸው እስከ 6፣ በድምሩ እስከ 18 ነጥብ ይሰጣል። ዲፌንደር ባለፉት ዓመታት በዚህ ሙከራ በተደጋጋሚ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ተርታ ተሰልፏል።

ታዲያ ክፍያ የሚያስገኘው ምንድን ነው? በግል ተጠቃሚው በኩል በዋናነት ተጨማሪ አገልግሎቶችን ነው፤ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የልጆች ቁጥጥር፣ ቪፒኤን፣ የማስታወቂያ አለመኖርና የቴክኒክ ድጋፍ። በተቋም በኩል ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ መከታተል፣ የትኛው እንደታደሰና የትኛው እንዳልታደሰ ማወቅ፣ የፍላሽ አጠቃቀምን በመመሪያ መገደብ፣ የመለያ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አውርዶ በውስጥ መረብ ለሁሉም ማከፋፈል በአብዛኛው በሚከፈልባቸው የተቋም ቅጂዎች ላይ የሚገኙ ናቸው።

ክፍያ የማያስገኘውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ክፍያ ከስህተት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 በክፍያ የሚሰጠው የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተሳሳተ ዝማኔ በመልቀቁ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሥራ አቁመዋል፤ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተስተጓጉለዋል። በሁለተኛ ደረጃ ክፍያ ዘላቂ አቅርቦትን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ መንግሥት የካስፐርስኪ ምርቶች በአገሩ እንዳይሸጡና ከመስከረም ወር መጨረሻ በኋላም ዝማኔ እንዳይቀርብ ከልክሏል። እገዳው የኢትዮጵያን ተጠቃሚ ባይመለከትም፣ ገንዘብ የተከፈለበት ጥበቃ በሌሎች አገሮች የፖለቲካ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ነጻነትም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ አቫስት ጃምፕሾት በተባለ ተቀጥላ ኩባንያው አማካይነት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ሲሸጥ መቆየቱ በጋዜጠኞች ተጋለጠ። ተቀጥላው ወዲያው ተዘጋ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ። ከቫይረስ እንዲጠብቅ የተጫነ ሶፍትዌር ራሱ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ መገኘቱ «በነጻ የሚሰጠኝ ምን ስለሚያገኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ መቅረት እንደሌለበት ያስተምራል።

4. በይነ መረብ ሲቋረጥ ምን ይቀራል?

በሐርቡ ሁኔታ ላይ ከሁሉም ይልቅ ክብደት ያለው ነጥብ ይህ ነው። ዘመናዊ ጸረ-ቫይረስ ሁለት ዓይነት እውቀት አለው። አንደኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ የመለያ ዝርዝርና የባሕርይ መከታተያ ነው። ሁለተኛው በአምራቹ ሰርቨሮች ላይ የሚገኝ፣ በተለምዶ ክላውድ የሚባለው እውቀት ነው፤ ሶፍትዌሩ አንድ አጠራጣሪ ፋይል ሲያጋጥመው በቅጽበት ጠይቆ መልስ ያገኛል። በይነ መረብ ሲጠፋ ሁለተኛው እውቀት አብሮ ይጠፋል።

በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ በሚያደርገው የማልዌር ጥበቃ ሙከራ ምርቶች በይነ መረብ ሲኖርና ሳይኖር ያላቸውን የመለየት አቅም ለየብቻ ያወጣል። በተከታታይ ዓመታት ውጤቶች ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ዲፌንደር ከበይነ መረብ ጋር ሲሆን ጠንካራ ቢሆንም ያለ በይነ መረብ የመለየት አቅሙ ጉልህ በሆነ መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ድክመት ከዋጋ ጋር አብሮ አይሄድም፤ እንደ ትሬንድ ማይክሮ ያሉ የሚከፈልባቸው ምርቶችም ያለ ክላውድ ሲፈተኑ ዝቅ ያለ ውጤት ሲያሳዩ፣ ነጻ የሆነው አቫስት በአንጻሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው እውቀት ብቻ ከፍተኛ ውጤት ያሳያል።

ይህ ለአዲስ አበባ ወይም ለአውሮፓ ተጠቃሚ ጥቃቅን ልዩነት ሊመስል ይችላል። በአማራ ክልል ግን የቀን ተቀን ኑሮ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል በይነ መረብ ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። ከዚህ በተጨማሪ የመብራት መቆራረጥና የዳታ ጥቅል ዋጋ አለ። የስልኩን በይነ መረብ ለኮምፒውተሩ የሚያጋራ ተማሪ ጥቅሉ እንዳያልቅበት የዊንዶውስን ዝማኔ ማቆሙ የተለመደ ነው። ዝማኔው ሲቆም ደግሞ ጸረ-ቫይረሱ ነጻም ሆነ የተከፈለበት ከዕለት ወደ ዕለት ያረጃል። በየዕለቱ አዳዲስ ጎጂ ሶፍትዌር በሚወጣበት ዘመን፣ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው የመለያ ዝርዝር የትናንቱን ሌባ የሚያውቅ፣ የዛሬውን ግን በሰላምታ የሚያሳልፍ ዘበኛ ነው።

መፍትሔው ዝማኔን ከበይነ መረብ መኖር ጋር ማስማማት ነው። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የመለያ ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጎ በድረ ገጹ ያቀርባል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ቢሆንም አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ባለ የግቢ መረብ ላይ ከወረደ በንጹሕ ፍላሽ ተይዞ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊጫን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለብቻ ማውረድ አያስፈልግም። ፋይሉ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ መወሰድ ይኖርበታል። ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳይ መንገድ ስላላቸው፣ ለሐርቡ ተጠቃሚ «ያለ በይነ መረብ ማደስ ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት ብር ነው?» በፊት መቅደም አለበት።

5. የፍላሽ ቫይረስና የተሳሳተው ሕክምና

በአካባቢው በብዛት የሚያጋጥመው «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቫይረሱ በፍላሹ ላይ ያሉትን እውነተኛ አቃፊዎች ይደብቅና በስማቸው አቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል። ተጠቃሚው «የመመረቂያ ጽሑፍ» የሚለውን አቃፊ የከፈተ ይመስለዋል፤ በእርግጥም አቃፊው ይከፈታል፤ ነገር ግን በመካከሉ ቫይረሱ ራሱን በኮምፒውተሩ ላይ አስነሥቷል። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከቫይረሱ ሳይሆን ከሕክምናው ነው። ተጠቃሚው ፋይሎቹ የጠፉ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፤ ተደብቀው እዚያው ነበሩ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በቅድሚያ ኮምፒውተሩን በታደሰ ጸረ-ቫይረስ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ፍላሹን መፈተሽ፣ ከዚያ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የተደበቁና የስርዓቱ የሆኑ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ እውነተኞቹን ሰነዶች ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ፎርማት ማድረግ ቢያስፈልግ እንኳ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ይህንን ለማድረግ ዲፌንደርም ሆነ ሌላ ነጻ ጸረ-ቫይረስ በቂ ነው፤ ክፍያ የሚጨምረው ነገር የለም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሣበትን አሠራር በዝማኔ ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ የፍላሽ ቫይረስ በአብዛኛው የሰው እጅ ካልጫነው አይነሣም። ስለዚህ የፋይል ዓይነት መለያ ቅጥያ እንዲታይ ማድረግና አቋራጭ ምልክት ያለበትን አቃፊ አለመክፈት ወጪ የማይጠይቅ፣ ውጤቱ ግን ከፍተኛ የሆነ ጥበቃ ነው።

6. ሕግና ወጪ

የምርጫው ሕጋዊ ገጽታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል አካቷል። በመሆኑም ክራክ መጠቀም የደህንነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥያቄም ነው። ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደን ነጻ ቅጂ በንግድ ቤት ወይም በጽሕፈት ቤት መጫንም የፈቃድ ጥሰት ነው። በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን የቴክኒክና የአደረጃጀት ጥበቃ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትንና ዳታን ማበላሸትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ይሁንና የጥፋተኛው መቀጣት የጠፋውን መዝገብ አይመልስም።

ወጪን በተመለከተ የሚከፈልባቸው ምርቶች ዋጋ በዶላር መተመኑ ወሳኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል ዓመታዊ ዋጋው 40 ዶላር የሆነ ፈቃድ ቢታሰብ፣ ቀድሞ 2,280 ብር ይፈጅ የነበረው በ100 ብር ተመን 4,000 ብር ይሆናል። በተጨማሪም አምራቾች የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ሸጠው በእድሳት ጊዜ ሙሉ ዋጋ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ የሚከፍል ሰው ማስላት ያለበት የዘንድሮውን ዋጋ ሳይሆን የሦስት ዓመቱን ነው። በጀቱ የዘንድሮውን ብቻ የሚሸፍን ተቋም በቀጣዩ ዓመት ያላደሰው ምርት ይዞ ይቀራል።

7. ሦስት ተጠቃሚዎች፣ ሦስት ውሳኔዎች

ሀ/ ተመራቂ ተማሪ። የራሱ ላፕቶፕ አለው፤ በሳምንቱ ቀናት ኮምቦልቻ ግቢ፣ በዕረፍት ቀናት ሐርቡ ቤተሰቡ ዘንድ ነው። የመረጃው ባለቤት ራሱ ነው። ለእርሱ ክፍያ አስፈላጊ አይደለም። በግቢው መረብ ላይ ሳለ ዊንዶውስንና ዲፌንደርን አድሶ ከወጣ በቂ ጥበቃ አለው። ለሳምንታት ያለ በይነ መረብ የሚቆይ ከሆነ ያለ ክላውድ ጠንካራ የሆነ ነጻ ቅጂ መምረጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን በቅንብሩ ውስጥ የመረጃ ማጋራት ፈቃዶችን መዝጋት ይኖርበታል። ሁለት ጸረ-ቫይረስ በአንድ ላይ ማሠራት ኮምፒውተሩን ከማዘግየትና እርስ በርስ ከማጋጨት በቀር ጥቅም የለውም። ከላፕቶፑ ጋር የመጣ የሙከራ ቅጂ ጊዜው ካለፈ መነቀል አለበት፤ ዲፌንደር ሥራውን መረከቡም በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገጽ ላይ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ለ/ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት። በቀን ብዙ የሰው ፍላሽ የሚሰካበት በመሆኑ የከተማው የቫይረስ መገናኛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ደንበኛ ያመጣውን ሌላው ይዞት ይሄዳል። የንግድ ድርጅት ስለሆነ ለግል የተፈቀዱ ነጻ ቅጂዎች አይመለከቱትም፤ ዲፌንደር ግን ይችላል። ከዚህ የተሻለው ብልሃት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭኖ የደንበኞችን ፍላሽ በቅድሚያ እዚያ መክፈት ነው። ለዊንዶውስ የተጻፈ የሾርትከት ቫይረስ በሊኑክስ ላይ አይነሣም፤ ክላምኤቪም ፍላሹን ለመፈተሽ ይረዳል። ዘዴው ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ በፓወር ግዕዝ ቀደምት ፊደላት የተጻፉ ሰነዶች በሊኑክስ ላይ ቅርጻቸው ሊዛባ ይችላል። ስለሆነም ኮምፒውተሩ መፈተሻ እንጂ ማተሚያ ባይሆን ይመረጣል።

ሐ/ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። እነዚህ የሚይዙት የራሳቸውን ሳይሆን የሌሎችን መረጃ ነው። ኮምፒውተሮቻቸው ከአንድ በላይ፣ ተጠቃሚዎቹም ብዙ ናቸው። ክፍያ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው፤ ሁኔታዎቹ ግን አሉ። ምርቱ በውስጥ መረብ ወይም በፋይል የሚታደስ፣ ያለ በይነ መረብ የመለየት አቅሙ በገለልተኛ ሙከራ የተመሠከረለት፣ የፍላሽ አጠቃቀምን መገደብ የሚያስችል መሆን አለበት። በተጨማሪም በየሳምንቱ የዝማኔውን ቀን አይቶ የሚፈርም አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሠራተኛ ያስፈልጋል። ይህ ሰው ከሌለ የተከፈለው ገንዘብ ባክኗል፤ ይህ ሰው ካለ ደግሞ በደንብ የተያዘ ዲፌንደር እንኳ ካልተያዘ ውድ ምርት ይሻላል።

ከሦስቱ የሚወጣው መደምደሚያ ከተለመደው ግምት ጋር ይጋጫል። በተለምዶ ሁልጊዜ መረብ ላይ ያለው የትልቅ ከተማ ተጠቃሚ የበለጠ ስለሚጋለጥ ይክፈል፣ የአነስተኛ ከተማው ነጻውን ይጠቀም ይባላል። ነገር ግን ሁልጊዜ መረብ ላይ ላለ ሰው በክላውድ የሚታገዘው ነጻ ዲፌንደር ሙሉ አቅሙን ይሰጣል፤ አቅሙ የሚጎድለው በይነ መረብ ለሚቋረጥበት ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ ክፍያን ሊያስፈልግ የሚችለው ሁኔታ በሐርቡ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ይበልጥ ይገኛል።

8. ከጸረ-ቫይረስ በፊትና በኋላ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር የገባበትን ክፍተት ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 14 ቀን ደፍኖት ነበር። የተጠቁት በዋናነት ዝማኔውን ያልጫኑት ናቸው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ወዲህ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) ወዲህ መደበኛ የደህንነት ዝማኔ አያገኙም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይ የዲፌንደርን የመለያ ዝርዝር እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 2028 ማደሱን እንደሚቀጥል አስታውቋል፤ ይህ ግን የስርዓተ ክወናውን ክፍተት አይደፍንም። ግድግዳው የተሰነጠቀን ቤት በር በመቀየር ማስተማመን አይቻልም፤ ለአሮጌ ስርዓተ ክወና ውድ ጸረ-ቫይረስ መግዛትም እንዲሁ ነው።

በመጨረሻም የትኛውም ጸረ-ቫይረስ የማይከላከለው ጉዳት አለ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በበርካታ ተቋማት ላይ ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። ከተወሰደ ኮምፒውተር ጋር የሚሄደውን መረጃ የሚያተርፈው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው። የሚመከረው ልማድ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚል ነው። ለሐርቡ ጽሕፈት ቤት ይህ ማለት አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው ከቅጂ ሰዓት ውጭ በማይሰካ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ተመስጥሮ በኮምቦልቻ ወይም በደሴ ባለ የበላይ ተቋም ዘንድ ማለት ነው። ዲስኩ ሁልጊዜ እንደተሰካ ከቆየ ቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር እርሱንም ስለሚቆልፈው ቅጂ መሆኑ ይቀራል። ፋይሉ የተቆለፈበት ተጠቃሚ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩትን «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ነጻ የመፍቻ አገልግሎት መሞከር ይችላል፤ ለሁሉም ዓይነት መፍቻ ግን የለውም።

9. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ምርጫው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢደረግ የተሻለ ውጤት ይገኛል። አንደኛ፣ ስርዓተ ክወናው አሁንም ዝማኔ ያገኛል? ካላገኘ የመጀመሪያው ወጪ እዚያ ላይ ይዋል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ለስንት ቀን ከበይነ መረብ ተለይቶ ይቆያል? ከአንድ ሳምንት በላይ ከሆነ በፋይል የሚታደስና ያለ ክላውድ ጠንካራ የሆነ ምርት ይፈለግ። ሦስተኛ፣ መረጃው የማን ነው? የሌሎች ሰዎች ከሆነ ሕጋዊ ፈቃድና ማዕከላዊ ቁጥጥር ያለው ምርት፣ አስፈላጊ ከሆነም ክፍያ፣ ተገቢ ነው። አራተኛ፣ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አለ? ከሌለ ለጸረ-ቫይረስ የታሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ለውጫዊ ዲስክ ይዋል። የዋጋ ንጽጽር የሚጀመረው እነዚህ አራቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። በሁሉም ሁኔታ የማይመረጠው አንድ አማራጭ ብቻ ነው፤ ክራክ።

ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ረገድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች የመለያ ዝርዝሩን በየሳምንቱ አውርደው በግቢው ውስጥ ለሁሉም በሚደርስ ቦታ ቢያስቀምጡ፣ ቅዳሜ ወደ ሐርቡ የሚመለስ አንድ ተማሪ ለቤተሰቡ፣ ለሰፈሩ ኮፒ ቤትና ለተማረበት ትምህርት ቤት ይዞ ይሄዳል። ቫይረሱ የተጓዘበት ፍላሽ መድኃኒቱንም ሊያጓጉዝ ይችላል። በማኅበረሰብ አገልግሎት ዘርፍም ለኮፒ ቤቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ስለ ፍላሽ ቫይረስና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የግማሽ ቀን ስልጠና መስጠት ከአንድ ዓመት ፈቃድ ግዥ የበለጠ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ ከሚወጣ ብዙ ገንዘብ ይልቅ መዝገቡ ሳለ የሚደረግ ጥቂት ጥንቃቄ ይበልጣል።